ዜሮ የሚጽፉ ሰዎች፦ ወረርሽኝን ቀድሞ የመጠበቅ ሙያ ሞቷል ወይ?

(ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)

አትላንታ ሲባል የእኔ ዕድሜ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚሉት ኃይሌና ፋጡማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ያጠለቁባት ከተማ ናት። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ጎረቤት ቤት ተኮልኩለን በቴሌቪዥን ያየናት ከተማ አንድ ቀን መኖሪያዬ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም።

ለጤና ባለሙያ ግን አትላንታ ሌላ ትርጉም አላት፤ የወረርሽኝ ዘበኞች መንደር ናት። ክሊፍተን መንገድ ላይ ሲዲሲ አለ። አጠገቡ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ይገኛሉ። ራቅ ብሎ የካርተር ማዕከል፣ ዲኬተር ላይ ደግሞ ታስክ ፎርስ ፎር ግሎባል ሄልዝ አሉ። የኬር ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። በአገራችን ስለ ትራኮማ፣ ስለ ፈንጣጣ፣ ስለ ኤችአይቪ የተሠራ ሥራ ሲነሳ፣ ክሩ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱ ጋ ይደርሳል።

በቅርቡ ሚኒሶታ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ባዮሎጂ እየጨረሰች ነው፤ ለሕዝብ ጤና ማስተርስ ተቀባይነት አግኝታለች፤ ልታጠና የምትፈልገው ኤፒዲሚዮሎጂ ነው። እናቷ ነርስ እንድትሆን ነው ምኞቷ። ልጅቷ «ኤፒዲሚዮሎጂ» ብላ ስትነግራት እህቴ «የቆዳ ሐኪም ልትሆኚ ነው እንዴ?» ብላታለች። ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ብድር ልገባበት ነው። ይሄ ሙያ ሞቷል ወይ?» አለችኝ።

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። «ልደውልልሽ» አልኳት። ይሄን ጥያቄ በዚህ ዓመት የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ስላልሆነች፣ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ልጅቷ ያለ ምክንያት አልፈራችም። እ.ኤ.አ. 2025 ለዚህ መንደር ክፉ ዓመት ነበር። በጃንዋሪ አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት እንደምትወጣ አስታወቀች። በኤፕሪል መጀመሪያ ከሲዲሲ ብቻ ወደ 2,400 ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ተነገረ። በጁላይ ዩኤስኤይድ እንደ መሥሪያ ቤት አበቃለት። በኦገስት 8 አንድ ታጣቂ የሲዲሲን ሕንፃዎች በጥይት ደበደበ፤ አንድ ፖሊስ ሞተ። በሴፕቴምበር ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች-ዋን-ቢ ሠራተኛ አሠሪው 100 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ትምህርት ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ወረቀቱን አስተካክሎ ለመቀመጥ ያሰበ የውጭ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት በር ሲዘጋ እንዳየ ቁጠሩት።

እኔም ሥራ ካጡት አንዱ ነኝ። የምሠራው በተቋራጭ ድርጅት በኩል ነበር፤ ስሙ ይቅር። ስድስት ዓመት ዳታ ስተነትን ኖሬ፣ አንድ ማለዳ በሁለት አንቀጽ ኢሜይል ተሰናበትኩ። ለሰባት ወር ኡበር ነዳሁ። አንድ ቀን ከክሊፍተን መንገድ ያነሳሁት ተሳፋሪ የሥራ መታወቂያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በመስታወት አየሁት፤ ምንም አላልኩም። አሁን በአንድ ካውንቲ ጤና ቢሮ እሠራለሁ፤ ደሞዙ ከቀድሞው ያንሳል። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ፈልጌ አይደለም። ለእህቴ ልጅ የምነግራት ነገር ከደላው ሰው እንዳልመጣ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ዜሮ እና ዝምታ

ጎንደር ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት በደቡብ ጎንደር አንዲት ወረዳ ነው፤ በጤና መኮንንነት። ከሥራዎቼ አንዱ በየሳምንቱ ከጤና ጣቢያና ከጤና ኬላ የሚመጣውን የበሽታ ቅኝት ሪፖርት መሰብሰብ ነበር። ኩፍኝ? ዜሮ። ኮሌራ? ዜሮ። የልጅነት ልምሻ የሚመስል? ዜሮ። ቦታውን ባዶ መተው አይቻልም፤ ምንም ከሌለ ዜሮ ብለህ መጻፍ አለብህ። ወጣት ነበርኩና ያናድደኝ ነበር። አራት ዓመት የተማርኩት ዜሮ ልጽፍ ነው?

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ቀበሌዋ ኔትወርክ የለውም። በየሳምንቱ ኮረብታ ወጥታ ትደውልልኛለች፣ «ዜሮ ነው» ለማለት። አንዳንዴ «ለዚህ ብለሽ ያን ሁሉ ዳገት?» እላት ነበር። አንድ ሐሙስ ደወለችና «ዛሬስ ዜሮ አይደለም፤ ሦስት ልጆች ትኩሳትና ሽፍታ አላቸው» አለችኝ። በማግስቱ ደረስን። ኩፍኝ ነበር። የአካባቢው ሕፃናት ተከተቡ፤ በሽታው ከዚያች ቀበሌ ሳይወጣ ቆመ። ዜና አልሆነም፤ ማንም አልተሸለመም። እሷም በሚቀጥለው ሳምንት ኮረብታዋ ላይ ወጥታ እንደ ልማዷ ሪፖርት አደረገች።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ዜሮ እና ዝምታ በወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት አንድ ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ «የለም» ብሏል ማለት ነው። ዝምታ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ወረርሽኝን ቀድሞ የመጠበቅ ሙያ፣ ቢሮው አትላንታም ይሁን ጄኔቫ፣ ሥራው ዝምታ እንደ ዜሮ እንዳይቆጠር መጠበቅ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ላቦራቶሪውም፣ ሞዴሉም፣ ፖሊሲውም፣ ከዚያ ይቀጥላል።

የዚህ ሙያ ችግርም እዚሁ ላይ ነው። ሥራህ ሲሳካ የሚታይ ነገር የለም። ቀዶ ሐኪም ያዳነው ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ ያመሰግነዋል። አንተ ያዳንከው ሰው ግን መታመም እንደነበረበት እንኳ አያውቅም። ስለዚህ በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልን እንተርታለን፤ ቅጠሉን ለሚቆርጠው ሰው ግን ደሞዝ መክፈል ይከብደናል። ይሄ የሐበሻ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካም ያው ናት።

ሁለቱም የወባ ልጆች

ብዙ ወጣቶች ይህ ሙያ ከፈረንጅ የመጣ፣ በእኛ ላይ የተለጠፈ ይመስላቸዋል። ታሪኩን ብናይ ደስ ይለናል።

ሲዲሲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1946 ነው። ዋሽንግተንን ትቶ አትላንታ የተቀመጠው በወባ ምክንያት ነው። በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ የጦር ሰፈሮችን ከወባ ለመጠበቅ ከተቋቋመ ቢሮ ነው የተወለደው። ሲጀመር ዋናዎቹ ሠራተኞች ሐኪሞች አልነበሩም፤ የነፍሳት አጥኚዎችና መሐንዲሶች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ሐኪሞች ሰባት ብቻ ናቸው።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የእሱም መነሻ ወባ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ፤ አገሪቱ በቂ ሐኪም አልነበራትም። ስለዚህ ጎንደር የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ጎንደርና ክሊፍተን መንገድ፣ ሁለቱም የወባ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ሁለቱም ወረርሽኝ በሐኪም ብቻ እንደማይያዝ ገና ሲጀመሩ ያውቁ ነበር።

የሚያሳዝነው ይሄ ዕውቀት ቢኖርም ዘግይተን የተመታንባቸው ጊዜያት መብዛታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ የተነሳው ቢጫ ወባ ወደ 30 ሺህ ሰው ፈጅቷል። ሁለቱም ሲታወቁ ረፍዶ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ቀድመን የያዝነውም አለ። በ1971 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ፣ የአሜሪካ ፒስ ኮር ወጣቶችና በርካታ ኢትዮጵያውያን ሳኒታሪያኖች በእግር፣ በበቅሎ፣ አልፎ አልፎም በሄሊኮፕተር አገሩን አዳረሱት። በመካከሉ አብዮት መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ፍለጋው ግን አልተቋረጠም። የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በኦገስት 1976 በኦጋዴን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሶማሊያ ውስጥ መርካ ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ታማሚ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ምን ነበር? በየቤቱ እየዞሩ የታማሚ ፎቶ እያሳዩ «አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ። ዜሮ መጻፍ።

ሳይመጣ የተዘጋጀ ክፍል

ዝግጅት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ኤሞሪን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሆስፒታሉ ከሲዲሲ ጋር ሆኖ ለአደገኛ ተላላፊ በሽታዎች የሚሆን ትንሽ ልዩ ክፍል አዘጋጀ። ነርሶች መከላከያ ልብስ መልበስና ማውለቅ ተለማመዱ። ከዚያ ጠበቁ። አሥራ ሁለት ዓመት። በእነዚያ ዓመታት አንድ የሒሳብ ሹም መጥቶ «ይሄ ክፍል ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢዘጋው ማን ይፈርድበት ነበር? በኦገስት 2014 የመጀመሪያው የኢቦላ ታማሚ ከላይቤሪያ መጣ። በዚያ ዓመት ኤሞሪ አራት የኢቦላ ታማሚዎችን ተቀበለ፤ አራቱም ድነው ወጡ።

ከእኛው አህጉር ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሩዋንዳ አለች። በሴፕቴምበር 2024 ማርበርግ ሲገባባት 66 ሰዎች ተያዙ፤ 15 ሞቱ። ማርበርግ አንዳንድ ቦታ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኛውን የገደለ በሽታ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ቁጥር ነው። በሽታው በታወጀ በቀናት ውስጥ ገና በሙከራ ላይ ያለ ክትባት ኪጋሊ ገባ። ያን ያህል የፈጠነው የምርምሩ ዕቅድ፣ የሕግ ፈቃዱና ስምምነቱ ቀደም ብሎ ስለታሰበበት ነው። ያንን ወረቀት የጻፉት ሰዎች ስማቸው አይታወቅም። የእህቴ ልጅ ልትሠራ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ከሐኪም ሌላ ማን ይፈለጋል?

እኛ ሐበሾች ለልጆቻችን የምናውቃቸው ሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ዶክተር፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ኢንጂነር፣ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር። አትላንታ ውስጥ አገር ቤት ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የስታቲስቲክስ መምህር የነበሩ፣ አሁን ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም ከዲቪ በኋላ ሦስት ዓመት እዚያው ነበርኩ። በሐቀኛ ሥራ አያፍሩም፤ እኔም አላፍርም። ግን የሚያውቁት ነገር የት እንደሚፈለግ ማንም አልነገራቸውም።

የእንስሳት ሐኪም ብዙ ወረርሽኝ ከእንስሳት ስለሚነሳ የቅኝት ሥራ ውስጥ ዋና ሰው ነው። ላቦራቶሪ የሚያውቅ ሰው የቫይረስ ዘረመል መለየት ሊማር ይችላል። የስታቲስቲክስ ሰው የወረርሽኙን አካሄድ ይተነብያል። ሎጂስቲክስ የሚያውቅ ክትባት ሳይሞቅ ገጠር እንዲደርስ ያደርጋል። ማኅበረሰቡን የሚያውቅ፣ ቄሱንም ሼኹንም ማናገር የሚችል ሰው ደግሞ ሐሜት ከበሽታው ቀድሞ ሲሮጥ ይይዘዋል። ክላርክስተን ውስጥ በኮቪድ ጊዜ ስለ ክትባቱ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚያስረዳ ሰው ስንት ዋጋ እንደነበረው ያየ ያውቀዋል።

ፖሊሲ ደግሞ አለ፤ እኛ የምንሸሸው። በሜይ 2025 የዓለም ጤና ጉባኤ የወረርሽኝ ስምምነቱን ሲያጸድቅ አንድ ከባድ ክፍል ለቀጣይ ድርድር ተትቷል፦ አንድ አገር የቫይረስ ናሙና ስታካፍል በምላሹ ምን ታገኛለች? ይሄ የሕግ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል። ግን ከጂንካ የተወሰደ ናሙና ነገ ክትባት ቢሠራበት፣ ክትባቱ ጂንካ በስንት ጊዜና በስንት ዋጋ ይደርሳል ማለት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳይንሱንም፣ ሕጉንም፣ የገጠር ጤና ኬላንም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ቢበዛ ማን ይጠላል?

የፓስፖርቱ እንቆቅልሽ

አሁን ማንም የማያወራው ነገር ላይ ልምጣ። እዚህ አትላንታ የፌዴራል ቋሚ ሥራ በአብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ውስጥ አፍሪካ ሲዲሲ አለ። በጃንዋሪ 2017 ሥራ የጀመረ፣ አሁን የራሱ ትልቅ ሕንፃ ያለው፣ ለዚህ ሙያ በአህጉሩ ላይ ዋናው ቤት ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ካሜሩናዊው ጆን ንኬንጋሶንግ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩት በአሜሪካው ሲዲሲ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን የአፍሪካ ኅብረት ሥራ የአባል አገር ዜጋ መሆን ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ቢጫ ካርድ ያስገባሃል፣ ያኖርሃል፣ ያሠራሃል፤ ዜጋ ግን አያደርግህም።

ስለዚህ ወጣቱ ባለሙያ ክሊፍተን መንገድ ያለውን በር ለመክፈት ፓስፖርት ሲቀይር፣ አዲስ አበባ ያለውን በር ከኋላው ይዘጋል። ይሄ የግል ምርጫ ነው፤ በማንም አልፈርድም፤ እኔም ቀይሬያለሁ። ግን አውቆ መምረጥና ሳያውቁ መግባት ይለያያሉ። ግሪን ካርድ ይዘሽ ስትቆዪ ሁለቱንም በር ለጊዜው ክፍት አድርገሽ መጠበቅ እንደምትችዪ ማንም አይነግርሽም። መንግሥትም ቢሆን «የዳያስፖራ ዕውቀት» እያለ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት ይሄን እንቆቅልሽ ቢፈታ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

«አገር ቤትስ ምን አለ? ባለሙያው በደሞዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ደርሷል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያየነው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ በዲስኩር አይመለስም። ከዚህ የሚከፋም አለ። በትግራይ በጦርነቱ፣ በአማራ ክልል እስከ ዛሬ ባልበረደው ግጭት፣ በኦሮሚያም በየአካባቢው ሪፖርት መላክ ያቆሙ ጤና ኬላዎች አሉ። እዚያ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ሲመጣ፣ ዜሮ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ኮረብታው ላይ የምትወጣው ልጅ የለችም ማለት ነው። አትላንታም ባለሙያ ስትበትን ወደዚያው ዝምታ ነው የምትሄደው፤ ልዩነቱ የሕንፃው ብርሃን መብራቱ ብቻ ነው።

የኅዳር ነገር

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የመታው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። «የኅዳር በሽታ» አልነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ታመው ተረፉ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን፤ ኅዳር ሲታጠን። ሳይንሱን ተዉት፤ ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ሕዝብ «ተጠንቀቅ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል» የሚል ማስታወሻ በጭስ ሲጽፍ ኖሯል።

በኮቪድ ዋዜማ፣ በ2012 ዓ.ም. ጥር አካባቢ፣ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ውጤት ይጠበቅ ነበር። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ ምርመራው አዲስ አበባ ይሠራ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ያውም በኅዳር፣ ከጂንካ የመጣ ናሙና በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመርምሮ ኅዳር 5 ቀን ማርበርግ መሆኑ ታወጀ። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከተያዙት ውስጥ የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት፤ ነፍስ ይማር። ግን ጥርጣሬው በተነገረ በቀናት ውስጥ፣ ናሙና ድንበር ሳይሻገር፣ በራሳችን ልጆች እጅ ስሙ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በጎንደርና በሌሎችም ሲሠለጥኑ የኖሩት የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያዎች ለእንደዚህ ያለው ቀን ነበር የተዘጋጁት። ያንን ሥልጠና ሲያግዙ ከነበሩት አንዱ የአትላንታው ሲዲሲ ነው። እዚህ የተቆረጠው ገንዘብ እዚያ የማንን ደሞዝ እንደሚነካ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መልሴ

ስለዚህ ደወልኩላት። ይሄን ነው ያልኳት።

ሙያው አልሞተም፤ ጡረታሽን የሚያረጋግጥልሽ አሠሪ ግን የለውም። በአንድ ሕንፃ ስም ተማርከሽ ከሆነ ተዪው። ሕንፃው ሊያባርርሽ ይችላል፤ እኔን ዓይተሻል። አትላንታም ጂንካም ብትቀመጪ የሚሠራ ችሎታ ያዢ፦ ዳታ መተንተን፣ ወረርሽኝ መመርመር፣ የሚነበብ የፖሊሲ ጽሑፍ መጻፍ። እነዚህን ማንም በኢሜይል አይነጥቅሽም።

ሙሉውን ክፍያ በብድር አትማሪ። ስኮላርሺፕ ወይም ከሥራ ጋር የሚያስተምር ቦታ እስክታገኚ አንድ ዓመት ብትጠብቂ ምንም አይቀርብሽም። ትልቅ ስም ካለው ውድ ትምህርት ቤት ይልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዕዳሽን ሊያቀልልሽ ይችላል። ከክረምቱ ጀምሮ በካውንቲሽ ጤና ቢሮ በነፃም ቢሆን ግቢ፤ እዚያ እውነተኛ ዜሮ እንዴት እንደሚጻፍ ታያለሽ። አማርኛሽን አትጣዪ፤ ኦሮምኛም ጨምሪበት። ስለ ዜግነት ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ሁለቱን በር ቁጠሪ። ነርስ ሁኚ ያለችሽን እናትሽንም አትናቂያት፤ ነርስ ሆኖ ወደ ወረርሽኝ ሥራ የገባ ሰው በርሃብ አያድርም።

ለእኛ ለታላላቆቹም የምለው አለኝ። በየዓመቱ ሆቴል ተከራይተን «ዳያስፖራና ጤና» ብለን ፎቶ ከመነሳት፣ እያንዳንዳችን አንድ ተማሪ ብንይዝ ይሻላል። ሲቪውን የሚያርም፣ ለቃለ መጠይቅ የሚያለማምደው፣ «እዚህ ቦታ አመልክት» የሚለው አንድ ሰው። እኔ ፓርኪንግ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያደረገልኝ አንድ ሰው ነበር፤ ባያደርግልኝ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ፓርኪንጉን ተናቅቼው አይደለም፤ ግን የጎንደር ትምህርቴ እዚያ አያስፈልግም ነበር።

የእህቴ ልጅ ሁሉንም ሰማችና ዝም አለች። «ጋሼ፣ እንግዲያው ልግባበት ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

«ማንም ሳያመሰግንሽ ዜሮ እየጻፍሽ መኖር ትችያለሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ያቺ ኮረብታ ላይ የምትወጣው ልጅ ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። ልትገባበት እንደሆነ ያኔ አወቅኩ።

ቸር እንሰንብት።